ጥቁሩ ክዳንና የጌዶ መንገድ

ድሬዳዋ ተቀምጦ ይህን ለሚያነብ ሰው የምዕራብ ሸዋን ብርድ ማስረዳት ከባድ ነው። እኛ በሙቀቱ ወራት ፍራሻችንን በረንዳ አውጥተን የምንተኛ ሰዎች ነን። ከሰል የምናቀጣጥለው ግቢ ውስጥ ነው፤ የጋመ ከሰል ይዞ መኝታ ቤት የሚገባ ሰው ብናይ «ምን ነካው?» እንላለን። ወደ አምቦ ስሄድ መንገዱን ፈርቼ ነበር፣ ኬላውን ፈርቼ ነበር፣ ዝናቡንም እንዲሁ። የተዘጋ መስኮትን ግን አልፈራሁም፤ ስላላሰብኩት።

የሄድኩበትን ጉዳይ አስቀድሜ ልናገር። እኔ የኬሚስትሪ መምህር ነኝ። ዓመታት የፈጁብኝ ፐሮቭስካይት የሚባሉ ኦክሳይዶች ናቸው። ስሙ ያስፈራል እንጂ ነገሩ ቀላል ነው። በዓይን የማይታይ ሳጥን አስቡ። መሐሉ ላይ አንድ የማንጋኒዝ አቶም ተቀምጧል፤ ስድስት ኦክስጅኖች ከላይ ከታች፣ ከፊት ከኋላ፣ ከግራ ከቀኝ ከበውታል፤ ማዕዘኖቹ ላይ ደግሞ ላንታነም የሚባሉ ትልልቅ አቶሞች ቆመዋል። ይህ ሳጥን እልፍ ጊዜ ተደርድሮ ጥቁር ዱቄት ይሆናል። ከላንታነሙ ጥቂቱን በስትሮንቲየም ስንተካው አንዳንዱ ኦክስጅን ቦታውን ለቆ ይሄዳል፤ ቦታው ክፍት ይቀራል። ዱቄቱን ትጉ የሚያደርገው ይህ ክፍት ቦታ ነው።

የከሰል መርዝ የምንለው ካርቦን ሞኖክሳይድ አንድ ኦክስጅን የጎደለው ጋዝ ነው። ሽታ የለውም፣ አይታይም፣ ሰው በተኛበት ይወስዳል። የእኔ ዱቄት ከራሱ ኦክስጅን ያበድረውና ወደማይገድል ጋዝ ይለውጠዋል፤ ያበደረውን ከአየር ይተካል፤ ደግሞ ያበድራል። ካታሊስት የምንለው እንዲህ ያለውን ነው፤ ሥራውን ይሠራል እንጂ ራሱ አያልቅም። አንድ ክፉ ጠባይ ግን አለው፤ ሲሞቅ ቸር ነው፣ ሲቀዘቅዝ ቆንቋና። ከሁለት መቶ ዲግሪ ገደማ ወዲያ ካልጋለ እጁን አይዘረጋም።

ሐሳባችን ዱቄቱን ብዙ ቀዳዳ ባለው የሸክላ ክዳን ላይ ቀብቶ ከሰል ምድጃ ላይ መድፋት ነበር። ጋዙ በቀዳዳዎቹ ሲያልፍ መርዙ እዚያው ይቀራል። ክዳኖቹን አምቦ ያለ አንድ ላቦራቶሪ ውስጥ የሚሠራው ገመቹ ቀባልን፤ እኔ ደግሞ በእውነተኛ ምድጃ ላይ ልለካቸው ክረምቱ ሳያልቅ ተነሳሁ።

ሰኞ

ከአዲስ አበባ የወጣሁት ከአስኮ መናኸሪያ ነው። ድሬ መኪና ውስጥ ሰው ከሹፌሩ ጀምሮ ያወራል፤ የማታውቀው ሰው የት እንደምትሄድ ይጠይቅሃል፣ ለምን እንደምትሄድም ይጠይቅሃል፣ ባትሄድ እንደሚሻልህም ይመክርሃል። እዚህ ሁሉም ጋቢውን እስከ አፍንጫው ስቦ ዝም ብሏል። እኔ ስስ ሻርፕ ለብሼ እንቀጠቀጣለሁ። አጠገቤ የነበሩ እናት ሁለት ጊዜ አይተውኝ፣ ምንም ሳይሉ የጋቢያቸውን ጫፍ ጉልበቴ ላይ ጣል አደረጉልኝ። እስከ ሆለታ ድረስ ሌላ ጨዋታ አልነበረንም።

ከሆለታ አለፍ እንዳልን ኬላ ላይ አስወረዱን። ዝናቡ ያካፋል። አንድ ወጣት ፖሊስ ቦርሳዬን ከፈተና ጥቁሩን ዱቄት የያዘውን ጠርሙስ አወጣ።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«ካታሊስት ነው» አልኩ። ከመምህርነት የቀረኝ በሽታ ይኸው ነው፤ ጥያቄ ሲመጣ ትክክለኛውን መልስ እንጂ የሚያዋጣውን አልመርጥም።

«ምን አልሽ?»

ጋቢ ያለበሱኝ እናት ሊያድኑኝ ፈልገው ጣልቃ ገቡ። «ኩል ነው፣ የኔ ልጅ። የሴት ነገር ነው።»

ፖሊሱ ጠርሙሱን ወደ ብርሃን አነሳው። «ይሄን ሁሉ ኩል ለማን ዓይን ነው?»

ተሳፋሪው ሳቀ፣ እሱ ግን አልሳቀም። አለቃውን ጠራ። ፈንጂ ይመስላል ያለ ሰው ከኋላዬ ሰማሁና ላብ አጠመቀኝ፣ በዚያ ብርድ። አለቃው ክዳኑን ከፍቶ አፍንጫውን ሲያስጠጋ «አያሽትቱት፣ ለሳንባ ጥሩ አይደለም» አልኩ፤ ይህን ስል ደግሞ ነገሩ ባሰ። የመሥሪያ ቤቴን መታወቂያ አየ፣ እኔን አየ፣ ሙሉ መኪና ሰው ዝናብ ላይ ቆሞ እየጠበቀ መሆኑን አየ። በመጨረሻ «የተማረ ሰው ቀለል አድርጎ መናገር አለበት» ብሎ ጠርሙሱን መለሰልኝ። ልክ ነበር።

አዲስ ዓለም ላይ እናቲቱ ወደ ማርያም ዞረው ተሳለሙና እዚያው ወረዱ። ጋቢያቸውን ይዘው ስለወረዱ ጊንጪን ያየሁት ጥርሴ እየተንገጫገጨ ነው። የማስታውሰው ጭቃውንና በጃንጥላ ሥር ድንች የሚሸጡትን ሴቶች ብቻ ነው።

አምቦ ስደርስ ገመቹ መናኸሪያው በር ላይ ቆሞ ይጠብቀኛል። በስልክ እንጂ በአካል አንተዋወቅም ነበር። ረጅም፣ ዝምተኛ፣ እጁ ሁልጊዜ የታጠበ ሰው ነው። «እርስዎ» እያለ ያናግረኛል፤ ድሬ ላይ አያቴንም «አንቺ» እላለሁና ግራ ገባኝ። «አንቺ በለኝ» ስለው «እሺ፣ ዶክተር፣ እንዳሉት» ብሎ መለሰልኝ።

ያሳረፈኝ ቤት ንጹሕ ነው። መብራት ግን የለም። የቤቱ ባለቤት፣ ደርበብ ያሉ ሴትዮ፣ ክንዴን ዳሰሱና «በረዶ ሆነሻል እኮ! ከሰል ላስገባልሽ?» አሉኝ። እሳቸው እንኳን ደህና መጣሽ ማለታቸው ነው፣ እኔ ግን እባብ ላምጣልሽ ያሉኝ ያህል ደነገጥኩ። «አይ፣ አይ፣ ብርድ ልብስ ይበቃኛል» አልኩ። ብርድ ልብስ ጨመሩልኝ፣ ሽሮም ይዘውልኝ መጡ፤ ቅር እንዳላቸው ግን ፊታቸው ላይ ይነበብ ነበር። የአምቦ ውሃ ድሬ ላይ በበረዶ አቀዝቅዘን እንጠጣዋለን። እዚህ እንዳለ አስቀመጡልኝ፤ ማቀዝቀዝ የሚባል ነገር ማንም ትዝ አይለውም።

ማክሰኞ

ጠዋት ላቦራቶሪው ውስጥ ምድጃውን አቀጣጠልን። ገመቹ ክዳኑን ደፋበት። እኔ ትንሿን የጋዝ መለኪያ አስጠጋሁ፤ መርዙ ሲበዛ የምትጮህ፣ ከእጅ ስልክ የማትበልጥ መሣሪያ ናት። መጀመሪያ ቁጥሩ ወጣ፤ ክዳኑ እየጋለ ሲመጣ ወረደ፣ ወረደ፣ ጠፋ። ያን ያህል ዓመት በወረቀት ላይ የማውቀው ነገር ዓይኔ እያየ ሆነ። ደስ አለኝ፣ ማን ይዋሻል። ገመቹም ጥርሱ ታየ። እሳቱን እንዳለ ትተን ምሳ ሄድን።

ስንመለስ በሩን ገና ሳንከፍት የመለኪያዋ ጩኸት ኮሪደሩ ላይ ተቀበለን።

እኔ ስወጣ መስኮቱን ከፍቼው ነበር፤ የድሬ ልማድ ነው። ጽዳት የሚሠሩት ሴት ብርዱ እንዳይገባ ብለው ዘግተውታል። ከሰሉ አልጠፋም፤ አመድ ለብሶ ውስጥ ውስጡን ይነድዳል። እንዲህ ያለ ከሰል መርዙን መትፋት አያቆምም። ክዳኑን በእጄ ነካሁት፤ ከምድጃ ወጥቶ እንደቆየ ዳቦ ለብ ብሏል። ለብ ያለ ክዳን ደግሞ ከተራ ሸክላ አይሻልም።

ነገሩን ሁልጊዜም አውቀዋለሁ፣ ሲቀዘቅዝ አይሠራም። ያልገባኝ እሳቱ ሲዳከም ጋዙ ሳይቆም ክዳኑ ብቻ እንደሚቀዘቅዝ ነው። በእኔ አገር ከሰል ዳር ያለው ሰው ግቢ ውስጥ ስለሆነ ጥያቄው መጥቶብኝ አያውቅም። መስኮቶቹን ከፈትኩና «ደግነቱ ገና ለማንም አልሰጠንም» አልኩ።

ዞር ስል ገመቹ ግድግዳውን ተደግፏል።

«ምነው?»

«ቦንቱ» አለ። «ታናሽ እህቴ። ጌዶ እናቴ ቤት ወልዳለች።»

«እንኳን ማርያም ማረቻት።»

«አንዱን ክዳን ወስጄ ሰጥቻቸዋለሁ።» ስልኩን ከኪሱ አወጣ። «እዚያ መብራት ከሄደ ሰንብቷል፤ አራስ ደግሞ ብርድ ሊነካት አይገባም። ይሄ መርዙን ይበላዋል፣ አሁን መስኮቱን ደፍናችሁ ብታሞቁት ችግር የለውም ብያቸዋለሁ።»

ለመናደድ እንኳ ጊዜ አልነበረም። ደወለ፤ ስልኩ አይሠራም። የጎረቤት ስልክ ሞከረ፤ እሱም አይሠራም። መብራት ሲሄድ የስልኩም ማማ ይተኛል ማለት ነው። መለኪያዋን ቦርሳዬ ውስጥ ከትቼ ወጣን።

መናኸሪያው ውስጥ የጌዶ ሚኒባስ ቆሟል፣ ግማሹ ባዶ ነው። ረዳቱን ገመቹ በኦሮምኛ ለመነው፣ እኔ በአማርኛ ለመንኩት። «ሰው ይሙላ እንጂ እንሄዳለን» አለ፤ በጣም በትህትና። ድሬ ቢሆን ጮኼ፣ ተሳድቤ፣ አስነሳው ነበር። እዚህ ሰው ሲቆጣ ድምፁን ዝቅ ያደርጋል፤ የእኔ ጩኸት ማንንም አላስነሳም፤ ሁሉም አዝኖ አየኝ። ያዳነን ሳሙና ጭኖ ወደ ነቀምት የሚሄድ የአይሱዙ ሹፌር ነው። ኦቦ ቶላ ይባላሉ፣ ገመቹ በሩቁ ያውቃቸዋል። ነገሩን ሲሰሙ ረዳታቸውን ወደ ጭነቱ ላይ አስወጥተው ለእኛ ቦታ ሰጡን፤ ልጁ ሸራ ተከናንቦ በዝናብ ተቀመጠልን።

ጉደር ድረስ መንገዱ ደህና ነው። ከጉደር ወዲያ ዳገት ይጀምራል፤ ዳገቱም ከደመና ጋር ነው። እኛ ጋ ደመና ከላይ የሚታይ ነገር ነው፤ እዚህ ከነመኪናው ይገባበታል። ኦቦ ቶላ አንገታቸውን አውጥተው መንገዱን ይፈልጋሉ። ሁለት ጊዜ የከብት መንጋ ውስጥ ገባን፤ ገበያ ስለነበር ሰንጋ የሚነዱ ሰዎች መንገዱን ሞልተውታል። ኦቦ ቶላ ጥሩንባ አልነፉም። «ከብቱ ይደነግጥና ገደል ይገባል፣ ያ ደግሞ የሰው ኑሮ ነው» አሉ። መሪውን በጣቶቻቸው እየመቱ ጠበቁ። እኔ የጌዶውን ቤት አስባለሁ። እሳቱን ጠዋት አቀጣጥለውት ከሆነ ይኼኔ አመድ ለብሷል፤ ክዳኑም ቀዝቅዟል። ይህንኑ ሳሰላ፣ እንደገና ሳሰላ ዳገቱ አላልቅ አለኝ።

ገመቹ ከተማው ሲቀርብ ወደ ጆሮዬ ጠጋ አለ። «ዶክተር፣ አንድ ነገር ልለምንዎት። እናቴ ፊት ስለ ሞት እንዳያነሱ። አራስ ቤት ክፉ አይጠራም። እኔ በዘዴ አስከፍተዋለሁ።»

«በዘዴ ምን ያህል ይፈጃል?»

«ቶሎ ነው» አለ።

ቤቱ ከገበያው ጀርባ፣ ባህር ዛፍ የከበበው ሁለት ክፍል ቤት ነው። የገመቹ እናት አዴ ጫልቱ በራፉ ላይ ተቀበሉን፤ ጠይም፣ ቀጥ ያሉ፣ ራሳቸውን በነጭ ሻሽ ያሰሩ ሴት ናቸው። «አከም ጅርቱ? ነጌያ?» እያሉ እኔንም እንደ ልጃቸው ሳሙኝ። የቦንቱ ባል ነቀምት ሥራ ላይ ስለሆነ ቤቱን የያዙት እሳቸው ብቻ ነበሩ። በፊተኛው ክፍል በሩ ክፍት ነው፣ አየሩም ደህና። ወደ ውስጥ የሚያስገባው በር ግን ተዘግቷል፤ ከሥሩ ያለው ክፍተት በጨርቅ ተወትፏል።

«ቦንቱስ?» አለ ገመቹ።

«ተኝታለች። እንዴት ያለ እንቅልፍ መሰለህ! ሕፃኑም ዛሬ አላስቸገራትም፣ አንዴም አልተነሳ።»

ገመቹ አየኝ። እኔም አየሁት።

«እማ፣ ያንን ክዳን ትጠቀሙበታላችሁ?»

«ተባረክ ልጄ፤ እሱ ከመጣ ወዲህ ነው ቤታችን ቤት የሆነው። መስኮቱን በጆንያ ደፈንኩት። ደግሞም ጭስ የለው፣ ሽታ የለው።»

«አሁን ልያት» አልኩ ወደ በሩ እየሄድኩ። አዴ ጫልቱ ፈገግ ብለው መንገዴ ላይ ቆሙ። ከመንገድ የመጣ ሰው ሳያርፍ፣ ብርዱ ከልብሱ ላይ ሳይወጣ፣ አንድ ነገር ሳይቀምስ አራስ ፊት አይቀርብም። በባዶ ሆዱ የገባ እንግዳ ለሕፃኑ ደግ አይደለም አሉ።

«የምንቸኩልበት ጉዳይ አለን፣ እማማ» አልኩ።

«የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» አሉና ትከሻዬን ይዘው አስቀመጡኝ። «ታኢ። ቁጭ በይ ልጄ። ማርቃው ደርሷል።»

ማርቃ የሚሉት ገንፎውን ነው። በትልቅ ሳህን፣ መሐሉ ጎድጉዶ ቅቤና በርበሬ ተሞልቶበት መጣ። የአራስ ጥየቃ የመጣ ሁሉ ይበላዋል፤ አልበላም ማለት ለልጁ ዕድሜ አልተመኘሁም እንደማለት ነው። ገመቹ ጭንቅላቱን ዝቅ አድርጎ መብላት ጀመረ። እናቱን በሕይወቱ ተቃውሞ የሚያውቅ አይመስለኝም፤ አሁን ደግሞ እንዴት እንደሚጀምር አጥቶታል። ቀና ይልና «እማ፣ ያ ክዳን...» ይላል፤ «መጀመሪያ ብላ» ይሉታል፤ ይበላል። እኔም ቶሎ ጨርሼ ልግባ ብዬ እያቃጠለኝ ዋጥኩ። ስፈጥን ጊዜ የራበኝ መሰላቸው። «ውይ፣ ልጄ ስትራብ ኖራለች» ብለው ጨመሩልኝ። ያንንም በላሁ።

ከዚያ ቅቤ ሊጨምሩልኝ ተነሱ። ቅቤው ያለው ውስጠኛው ክፍል ነው። ጨርቁን በእግራቸው ገፋ አድርገው በሩን ገርበብ አደረጉና ገቡ።

ቦርሳዬ ጮኸ።

እንደ ላቦራቶሪው አልነበረም፤ መለኪያዋ ያለ ማቋረጥ ነው የጮኸችው። አዴ ጫልቱ የቅቤውን ቅል ይዘው ብቅ አሉ። «ይሄ ደግሞ ምን ዓይነት ወፍ ነው?»

ገመቹ ተነስቶ ቆሟል፤ አፉ ተከፍቷል፣ ቃል ግን አልወጣውም። ያን ጊዜ እኔ እርስዎም፣ እማማም፣ ዘዴም ጠፋብኝ። «ልጅሽ እየሞተች ነው» አልኳቸው። «ቤቱ ውስጥ ያለው አየር እየገደላት ነው፣ አሳልፊኝ።»

ቅሉ ከእጃቸው ወደቀ። አልፌያቸው ገባሁ።

ክፍሉ ሞቃት ነው፣ ደስ የሚል ሙቀት፤ የሚያስፈራው እሱ ነው። ምድጃው አልጋው እግር ሥር ተቀምጦ፣ የእኔ ጥቁር ክዳን በላዩ ላይ አለ። በውጥረቱ መሐል እንኳ እጄ ሄዶ ነካው፤ ለብ ብሏል። ጆንያውን ከመስኮቱ ነቅዬ ጣልኩ። ቦንቱ በጀርባዋ ተኝታለች፤ ዓይኗ ግማሽ ክፍት ነው፣ ጉንጯ ቀልቶ ጤነኛ ይመስላል። ስሟን ጠራሁ፣ ዓይኗ አልዞረም። ሕፃኑ ክንዷ ላይ ነው። አነሳሁት፤ አንገቱ እንደ እርጥብ ጨርቅ ተንጠለጠለ። ገመቹ እህቱን በጋቢዋ ጠቅልሎ ተሸከማት። እናቱ ከኋላችን «ንፋስ! ንፋስ እንዳያገኛት!» እያሉ ነጠላቸውን ይዘረጋሉ፤ እየሸሸን ያለነው ወደዚያው ወደ ንፋሱ መሆኑ እንዴት ይገባቸው።

ከጣሪያው ጠርዝ ሥር፣ ጉሙ ውስጥ፣ ሕፃኑን ጉልበቴ ላይ አድርጌ እግሩን ፈተግኩለት። ሃይማኖተኛ አይደለሁም፤ የምጠራውን ስም ግን አላጣሁም። መለኪያዋ ቤት ውስጥ እየጮኸች ነው። ከዚያ ሕፃኑ አንድ ጊዜ አስነጠሰ፤ ትንሽ ቆይቶ ፊቱን ጨማደደና ቀጭን፣ የተቆጣ ድምፅ አወጣ። ቦንቱ ግን ገመቹ ክንድ ላይ እንዳለች ናት። አንድ ባለ ባጃጅ ጩኸቱን ሰምቶ መጣ፤ ማን ናችሁ ሳይል አሳፈረን።

ጤና ጣቢያው ውስጥ ኦክስጅን ሰጧት፤ ለሕፃኑም ሰጡት። ነርሷ ከሰል እንደሆነ ገና ሳንነግራት አወቀች፤ በየክረምቱ ታየዋለች። ኦክስጅኑ በቱቦው ሲያልፍ እያየሁ፣ ዓመታት ሙሉ በዱቄት ላይ ስቆጥረው የኖርኩት አቶም ይኸው ነው ብዬ አሰብኩ። ክፍት ቦታ ከሌለ አይሠራም እያልኩ የማስተምር ሰው፣ ቤት ተደፍኖ እንዲውል ምክንያት ሆኛለሁ።

አዴ ጫልቱ አጠገቤ አግዳሚው ላይ መጥተው ተቀመጡ። እጄን ያዙ። «ያንን ቃል ባትጠሪው ደግ ነበር» አሉኝ። እጄን ግን አልለቀቁም።

ረቡዕ

ማክሰኞ ማታ ቦንቱን አስመለሳት፣ ራሴን አለች፣ ውሃ ጠየቀች፤ ነርሷ ይህ ሁሉ ደግ ምልክት ነው አለችን። እኛ ያደርነው አዴ ጫልቱ ቤት ነው፣ መስኮቱ ተከፍቶ፣ ሦስታችንም ባለን ልብስ ሁሉ ተጠቅልለን። እንደዚያ በርዶኝ አያውቅም፤ መስኮቱን እንዝጋው ያለ ሰው ግን አልነበረም። ጎረቤቶች ወሬውን ሰምተው ብርድ ልብስ አመጡ፣ አጥሚትም አመጡ። ቤታቸው ገብተው የራሳቸውን መስኮት ከፍተው እንደሆነ ጠየቅኩ። አንዳንዶቹ ከፍተዋል፤ አንዷ ሴት ግን «ለእኛም ያንን ክዳን ብትሰጪን» አለችኝ። መስኮቱን ሳትከፍት የምትሞቅበት ነገር ነው የፈለገችው። የለም አልኳት፣ ይህ ክዳን ሲቀዘቅዝ ይከዳል፣ እስኪስተካከልም ለማንም አይሰጥም። አልተቀየመችኝም፤ ያመነችኝም አልመሰለኝም።

ገመቹ በሌሊት ተነስቶ ክዳኑን ከምድጃው ላይ አንስቶ ውጭ አስቀምጦታል። ቁርስ ላይ «አንቺ ባትናገሪ ኖሮ እኔ አልናገርም ነበር» አለኝ። ለመጀመሪያ ጊዜ «አንቺ» ሲለኝ መሆኑን ያወቀው አይመስለኝም።

ወደ አምቦ ከመመለሴ በፊት ልሰናበታት ጤና ጣቢያው ገባሁ። ቦንቱ ትራስ ተደግፋ ሕፃኑን ታጠባለች። ገጽታዋ የገመቹ ነው፤ ረጅም ግንባር፣ ዝምተኛ ዓይን። ስታየኝ ልትነሳልኝ ሞከረች፤ ከለከልኳት። አራስ ቤት የሚባለው ጠፋብኝና «እንኳን ተረፍሽ» አልኩ። ከአልጋው ጠርዝ ቁጭ ብዬ ይቅርታ ልጠይቃት ጀመርኩ፤ ስለ ሙቀቱ፣ ስለ ክዳኑ፣ እሳቱ ሲዳከም ስለሚሆነው ነገር። ፖሊሱ እንደመከረኝ ቀለል ለማድረግ ሞከርኩ። ቦንቱ በትዕግሥት አዳመጠችኝና ስጨርስ ራሷን ነቀነቀች።

«ስትመጡ ሰምቻችኋለሁ» አለች።

የተኛች መስሎን እንደነበር ነገርኳት።

«አልተኛሁም። እጄ አልታዘዝ አለኝ እንጂ ሁሉን እሰማ ነበር። ገመቹ እማ ሲል ሰማሁ። እማም አንቺን ጨምሪ ጨምሪ ስትልሽ ሰማሁ።» ሕፃኑን ወደ ሌላው ጡቷ አዞረችው። ቅሬታ አልነበረባትም፤ የሆነውን ነው የምትነግረኝ። «ልጣራ ብዬ አፌ እምቢ አለ። ግድ የለም፣ እንግዶች ናቸው፣ ይብሉ፤ ሲጨርሱ ይገባሉ ብዬ ጠበቅኋችሁ።»